ሥራ መፈለግ ስንት ያስወጣል?

አንድ መሥሪያ ቤት ጥቂት ሰዎች ለመቅጠር ማስታወቂያ ያወጣል። በማግስቱ ከግቢው በር የጀመረ ሰልፍ አጥሩን ዞሮ ይታያል። ሁሉም ክላሰር ይዟል። ፎቶው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራል፤ ክርክሩም አብሮ ይነሳል። አንዱ «ሥራ የሚባል ነገር የለም» ይላል። ሌላው «ሥራማ ሞልቷል፤ የሚያማርጠው ወጣቱ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ሰው ከሌለህ አትድከም» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል።

ሦስቱም ከሆነ እውነት ተነስተው ነው የሚናገሩት። ሦስቱም የሚዘሉት ነገር ግን አለ። ሥራ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። የታክሲ ይጠይቃል፣ የፎቶ ኮፒ ይጠይቃል፣ ቀን ይበላል። ደመወዝ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ከየት ይሸፍን? ሥራ በጠፋበት ከተማ ከሰልፉ ቀድሞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የታክሲ ብር ያለቀበት ሰው ነው። ጎበዝ ይሁን ሰነፍ፣ ኪሱ ባዶ ከሆነ ልዩነት የለውም።

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባን ይዞ ይሄዳል። ሰዎች ሥራ እንዴት እንደሚፈልጉ በጥንቃቄ ከተጠናባቸው የአፍሪካ ከተሞች አንዷ እሷ ናት።

«ሥራ አጥ» ስንል ማንን ነው?

ቃሉ ግልጽ ይመስላል። ቆጠራ ላይ ሲደርስ ግን ያከራክራል። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የተለመደ መለኪያ አንድ ሰው ሥራ አጥ የሚባለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ሥራ የለውም። ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ ነው። በቅርብ ጊዜም ሥራ ሲፈልግ ነበር። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው። ተስፋ ቆርጦ ቤት የተቀመጠ ሰው በዚህ መለኪያ ከሥራ አጦች ቁጥር ይወጣል።

በ1982 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ለዚህ መላ አበጁ። መደበኛው የሥራ መፈለጊያ መንገድ ባልተስፋፋበት አገር «ሲፈልግ ነበር» የሚለው መስፈርት ሊላላ ይችላል አሉ። ኢትዮጵያም የከተማ ሥራ አጥነትን ስትለካ የቆየችው በዚህ በላላው መንገድ ነው። በ2010 ዓ.ም. የተካሄደው የከተማ ጥናት ያወጣው 19.1 በመቶ የተገኘው እንዲህ ነው። የወንዶቹ 12.2፣ የሴቶቹ ደግሞ 26.4 በመቶ ነበር። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ ጠዋት ክላሰር ይዘው የሚወጡ ናቸው። ሌሎቹ መውጣት ያቆሙ ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ሥራ አጥ» ማለት ይቻላል። ግን የመጀመሪያው እንዴት ወደ ሁለተኛው እንደሚለወጥ ካልታየ ጉዳዩ አይገባም።

ማስታወቂያው ያለበት ድረስ

አራት ኪሎ ለዓመታት የሥራ ፈላጊ መገናኛ ሆኖ ቆይቷል። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ዙሪያ ወጣቶች ቆመው ያነባሉ። ስልክ ቁጥርና አድራሻ ይገለብጣሉ። ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብም እዚያው የተለመደ ነበር። ሪፖርተርንም አዲስ ዘመንንም በየጊዜው መግዛት ስለማይቻል ከአዟሪው ላይ በጥቂት ሳንቲም ይከራዩታል። ጥግ ይዘው የክፍት የሥራ ቦታ ገጹን ያገላብጡና ይመልሱታል። ጋዜጣ መከራየት የሚባል ነገር መኖሩ ብቻውን ብዙ ይናገራል። መረጃው ራሱ ዋጋ ነበረው፤ ያንንም መክፈል የሚከብደው ሰው ብዙ ነበር።

አሁን የማስታወቂያው ዓለም በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም ቻናል ዞሯል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ኮዬ ፈጬ ተቀምጦ ካዛንቺስ ያለ ክፍት ቦታ ማየት ይቻላል። ነገር ግን የረከሰው ማየቱ ነው፤ ማመልከቱ ብዙም አልረከሰም። ብዙ ማስታወቂያ ዛሬም የሚያልቀው በአንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ነው፦ «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ የሥራ ቀናት ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ በአካል ቀርባችሁ መመዝገብ የምትችሉ መሆኑን እንገልጻለን።»

ይህችን አረፍተ ነገር በብር መተርጎም ይቻላል። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ መሀል ከተማ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ግድ ነው። መልሱም እንዲሁ ነው። የዲግሪው፣ የውጤቱና የመታወቂያው ኮፒ አለ። ጉርድ ፎቶ አለ። የሙያ ትምህርት የጨረሰ ከሆነ የብቃት ምዘና ማረጋገጫውን፣ ሰዉ ሲኦሲ የሚለውን፣ አብሮ ያስገባል። ይህ ሁሉ ለምዝገባ ብቻ ነው። ለፈተና ሌላ ቀን፣ ለቃለ መጠይቅ ደግሞ ሌላ ቀን ይመጣል። ከክፍለ ሀገር የሚመጣው የአውቶቡሱና የማደሪያው ሲጨመርበት ሒሳቡ የትየለሌ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለው ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ማመልከቱን ገና ከጅምሩ ይተወዋል።

ከተማዋ የሰፋችበት መንገድም ነገሩን አክብዶታል። ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው ዳር ላይ ነው። ከመሀል ከተማ በመልሶ ማልማት የተነሳውም ብዙ ሰው የሄደው ወደዚያው ነው። ቢሮው ግን በአብዛኛው መሀል ቀርቷል። ቤት ከሥራ በራቀ ቁጥር ፍለጋው ይወደዳል።

ገንዘቡ ሲያልቅ

እዚህ ላይ ሳይነሳ ሊታለፍ የማይገባ ጥናት አለ። ሳይመን ፍራንክሊን የተባለ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ከመሀል ርቀው ለሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች የትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጥ ሙከራ አካሄደ። ማን ገንዘቡን እንደሚያገኝ በዕጣ ተለየ። ያገኙትም ያላገኙትም በየጊዜው ተጠየቁ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። ገንዘቡን ያገኙት ፍለጋቸውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨመረ። ሌላም ነገር ታየ፤ በጊዜያዊ ሥራ ላይ የሚያጠፉት ቀን ቀነሰ።

የመጨረሻዋ ነጥብ ወሳኝ ናት። ሥራ ፈላጊው በቀን ሥራ የሚሰማራው ብዙ ጊዜ ፍለጋውን ለመደጎም ነው። ሁለት ቀን ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚያገኘው ብር ለሳምንቱ ታክሲ ይሆናል። ግን የተሸከመባቸው ሁለት ቀናት የምዝገባው ቀናት ሊሆኑ ይችላሉ። ገንዘብ ሲኖረው ጊዜ የለውም፤ ጊዜ ሲኖረው ገንዘብ የለውም። እንዲህ እየሆነ ፍለጋው ይሳሳል። መጀመሪያ በሳምንት አራት ቀን ይወጣል። ከዚያ አንድ ቀን። ከዚያ «አሁንስ በቃኝ» ይላል። ከውጭ ሲታይ ስንፍና የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ማን መሆኑን የሚያውቅለት የለም

ርቀት አንዱ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ግድግዳ አለመታወቅ ነው። ቀጣሪው ፊት አንድ ሺህ ማመልከቻ ተከምሯል። ሁሉም ዲግሪ አላቸው፣ ሁሉም «ትጉህና በቡድን መሥራት የሚችል» ብለው ጽፈዋል። ማን በእርግጥ እንደሚሠራ በምን ያውቃል? ስለዚህ አቋራጭ ይፈልጋል። ከተወሰነ የውጤት ነጥብ በታች ያለውን ይጥላል። የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምድ የሌለው ተመራቂ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ የሚሽቀዳደመው ለዚህ ነው። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ልምድ ይጠየቃል።

የዲግሪው ክብደት መቀነሱም ይጨመርበታል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በሠላሳ ዓመት ውስጥ በጣት ከሚቆጠሩ ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል። ተመራቂ ሲበዛ ወረቀቱ ብቻውን አይለይም። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የተሰጠው የመውጫ ፈተና አንዱ ዓላማ ይህን ክብደት መመለስ ነው። ያኔ ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ማለፉ ለቀጣሪ የተወሰነ ምልክት ይሰጣል። ሆኖም ፈተናው የሚለካው የትምህርት ዘርፉን ነው። ሰውየው ሰዓት ያከብራል ወይ፣ ከሰው ጋር ይሠራል ወይ፣ የሚለው ላይ ዝም ነው።

ሁለቱን ግድግዳዎች ጎን ለጎን ያስተያየ ጥናት አለ። ግሩም አበበን ጨምሮ ስድስት ተመራማሪዎች ያካሄዱት ሲሆን በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለአንዱ የወጣቶች ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ለሌላው አጭር ሥልጠና ተሰጠ። ሥልጠናው ሲቪ አጻጻፍን፣ የማመልከቻ ደብዳቤንና ቃለ መጠይቅን ያካተተ ነበር። ከዚያም ጋር የችሎታ ፈተና ተፈትነው ለቀጣሪ የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት አገኙ። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ረድተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ደብዝዟል። ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ያገኙት ገቢ ግን ካላገኙት በ20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ።

ምን ማለት ነው? የታክሲ ብር በሩ ድረስ ያደርሳል። በሩን የሚከፍተው ግን ችሎታን ማሳየት መቻል ነው። የጥቂት ቀን እገዛ ከአራት ዓመት በኋላ ደመወዝ ላይ መታየቱ በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ ትልቁ ዜና ነው። ችሎታው ቀድሞም ነበረ። የጎደለው የሚያሳይለት ነገር ነበር።

«ሰው» የሚባለው ነገር

በአማርኛ «ሰው አለው» ስንል ስለ ሥራ ከሆነ ትርጉሙ ሌላ ነው። ውስጥ የሚያውቀው፣ የሚያስገባው አለ ማለታችን ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ከሙስና ጋር አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። የመንግሥት ቦታ ለዘመድ ሲሰጥ በእርግጥም ሙስና ነው፤ የተሻለውን ሰው ገፍቶ ያስወጣል። ነገር ግን ሁሉም ትውውቅ እንዲህ አይደለም።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር አለ። ሰዎች ስለ ሥራ የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን ራቅ ካለ ትውውቅ ነው። የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። ራቅ ያለው ሰው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ያውቃል። ሥራ አጥ ለሆነ ወጣት ይህ መጥፎ ዜና ነው። አብረውት የሚውሉት ሌሎች ሥራ አጦች ናቸው። ቤት በቆየ ቁጥር ራቅ ያለው ትውውቁ ይመነምናል። ይሉኝታም ይጨመርበታል። ሥራ ከያዙት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ቡና መጠጣት ይከብደዋል፤ የሚከፍለው የለውማ። ወሬው የሚገኘው ደግሞ እነሱ ዘንድ ነው።

ከቀጣሪውም በኩል ይታይ። አንድ አነስተኛ ድርጅት ሺህ ሲቪ የሚያነብ ሠራተኛ የለውም። ስለዚህ ያሉትን ሠራተኞች «የምታውቁት ጥሩ ልጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለእሱ ርካሽና አስተማማኝ መንገድ ነው። የዋስ ጉዳይም ከዚሁ የመጣ ነው። ለጥበቃ፣ ለገንዘብ ያዥነት፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዡ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ያጽፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው ሰው ፈተናውን አንደኛ ቢወጣም እዚህ ላይ ይቆማል።

ሰው የሌለው ሰው ሰው ይከራያል። ደላላው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ገበያ ያለ ደላላ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ይቀበላል። ሕጉ ግን ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ያደርጋል። ይህን የሚያውቅ ሥራ ፈላጊ ጥቂት ነው። በቴሌግራም «ተቀጥረሃል፤ ለፎርም ይህን ያህል ብር በዚህ ቁጥር ላክ» የሚለው አጭበርባሪም የሚኖረው በዚሁ አለማወቅ ነው። ለመቅጠር ብር የሚያስልክ ማስታወቂያ ካጋጠመ ማጭበርበር ነው ብሎ መነሳት ይሻላል።

ታዲያ ወጣቱ ሥራ ያማርጣል?

በከፊል አዎ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ የነበረ የከተማ መረጃን የመረመረው ፒተር ሰርኒልስ ሥራ አጥ ወጣት ወንዶች በአማካይ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሥራ ሳይኖራቸው እንደሚቆዩ አገኘ። ብዙዎቹ ከሌላው አንጻር የተማሩ፣ ከመካከለኛ ኑሮ ቤተሰብ የመጡና የመንግሥት ሥራ የሚጠብቁ ነበሩ። ወረፋ ይዘው ነው። መጠበቅ የሚችለው ደግሞ ቤተሰብ የሚያበላው ሰው ነው። የደሃ ልጅ አራት ዓመት አይጠብቅም፤ ያገኘውን ይይዛል።

«ፋብሪካ አለ፣ ለምን አይገቡም?» የሚለውም ተፈትሿል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው አመልካቾችን በዕጣ ቀጠሩ። ከተቀጠሩት ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ለቋል፤ አብዛኞቹም ከዘርፉ ጭራሽ ወጥተዋል። ሥራው ከሌላው አማራጭ የተሻለ ገንዘብ አልሰጣቸውም፤ ጤናቸውንም ይጎዳ ነበር። እንግዲህ ለቀቁ የሚባሉት ሰዎች ሥራ የጠሉ አይደሉም። ከቀን ሥራና ከጉሊት ጋር አነጻጽረው፣ አስልተው ነው የወጡት። የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ እጁ ላይ ምንም የማይቀርለት ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ይህ ሲባል ሁሉም ፋብሪካ ያው ነው ማለት አይደለም። በችግር ጊዜ መያዣ ሆኖ የሚያገለግል ደመወዝ ለብዙ ሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ግን «ያማርጣሉ» የሚለው ቃል የሚያስረዳው ትንሽ ነው። ማማረጥ ማለት ሒሳብ መሥራት ከሆነ ሁላችንም እናማርጣለን።

ፍለጋው ቢቀልስ ሥራ ይጨምራል?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ክፍት ቦታው አሥር ከሆነ፣ ሺውም ሰው ቢሠለጥን የሚቀጠረው አሥር ነው። አንዱን መርዳት ሌላውን መግፋት ይሆናል። ይህ ባዶ ግምት አይደለም። በፈረንሳይ ለሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች የተሰጠ እገዛ ሲጠና ከጥቅሙ ከፊሉ የተገኘው እገዛውን ባላገኙት ኪሳራ እንደነበር ታይቷል። አዲስ አበባም ውስጥ የሚያሳዝን ነገር ተገኝቷል። አብረው ሥራ ሲፈልጉ ከነበሩ ጓደኞች አንዱ ብቻ ድጋፍ ሲያገኝ መረጃ መለዋወጣቸው ቀንሷል። ፍለጋው እያንዳንዱ ብቻውን የሚሮጥበት ሆነ።

ዞሮ ዞሮ ሥራ የሚፈጥረው ኢንቨስትመንት፣ ሰላም፣ የውጭ ምንዛሪና የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህን ሲቪ አጻጻፍ አይተካውም። በየዓመቱ ወደ ሥራ ገበያው የሚገባው አዲስ ኃይል ብዙ ጊዜ 2 ሚሊዮን ገደማ ተብሎ ይጠቀሳል። ለዚህ የሚበቃ ቦታ ከሰሌዳ ላይ አይገኝም። ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ሰው ብዛትም የዚሁ ፍለጋ ቅጥያ ነው።

ያም ሆኖ ተቃውሞው አንድ ነገር ይረሳል። አሥሩ ቦታ በእነማን እንደሚያዝ ለአገርም ለድርጅቱም ለውጥ አለው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የአዲስ አበባ ጥናት ይህን ከቀጣሪው በኩል አሳይቷል። ለጸሐፊነት መሰል የቢሮ ሥራ ማስታወቂያ ወጣ። ስለ ሥራው ደውለው ከጠየቁት ለተወሰኑት መጥተው ካመለከቱ ትንሽ ገንዘብ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። የመጡት አመልካቾች ብቃት ከፍ አለ። ማመልከቻው ውድ ስለሆነ ቤት የቀሩት ሰዎች ችሎታ ነበራቸው ማለት ነው። የአገር ውስጥ ቀጣሪዎች ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ ሲጠየቁ አሳንሰው ነው የገመቱት። ብዙ ቀጣሪ «ከልቡ የፈለገ ይመጣል» ብሎ ያምናል። ያልመጣው የታክሲ አጥቶ ሊሆን እንደሚችል አያስብም።

ለአመልካች ገንዘብ መክፈል ለብዙ ድርጅት የሚዋጥ ሐሳብ አይደለም። ዋጋውን መቀነስ ግን በእጁ ነው። የመጀመሪያው ምዝገባ በስልክ ወይም በኢሜይል ቢሆን፣ ዋናው ማስረጃ የሚታየው ለመጨረሻ ለቀሩት ብቻ ቢሆን፣ ሰልፉ በአንድ ቀን ያጥራል። ፈተናና ቃለ መጠይቅ በአንድ ቀን ቢደረጉ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሁለት ጊዜ አይመላለስም። ያላለፈው በአጭር የስልክ መልዕክት ቢነገረው ሳምንቱን ሙሉ እየተመላለሰ ሰሌዳ አያይም። ተያዥ የሚጠየቅበት ሥራም እንደገና ሊታይ ይገባል። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥራ ፈላጊን በኤሌክትሮኒክ የሚመዘግብ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ዘርግቷል። የፋይዳ መታወቂያም እየተስፋፋ ነው። ማንነትን ለማረጋገጥ ሰውን በአካል ማስመጣት የግድ የነበረበት ምክንያት እየቀነሰ ነው።

ሴቶቹ ላይ ደግሞ ልዩ ትኩረት ያስፈልጋል። የከተማ ሥራ አጥነታቸው ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ከላይ ታይቷል። ልጅ የሚይዝላት ለሌላት እናት የአንድ የምዝገባ ቀን ዋጋ ከታክሲውም በላይ ነው። ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት መቆም የማትችለው ሥራውን ስላልፈለገችው አይደለም። የሰልፉ ፎቶ በቴሌግራም ሲዞር የሚታዩት መድረስ የቻሉት ናቸው። እሷ ፎቶው ውስጥ የለችም።